ሌሎች ዩኒቨርሶች ይኖሩ ይሆን? ሳይንስ የሚለውና የማይለው

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ልጃቸው የሞተባቸውን አንድ የአገሬን ሰው ለማጽናናት ከሌሎች ወገኖች ጋር ሄጄ ነበር። ቡናው ተጠጥቶ ሰዉ ቀስ በቀስ ሲበተን አባትየው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ስልካቸውን አወጡ። ሰው የላከላቸው ቪዲዮ ነው፤ በአማርኛ የተተረከ፣ ከጀርባው ሙዚቃ የሚያጅበው። ተራኪው ደጋግሞ "ሳይንቲስቶች አረጋገጡ" ይላል። ከእኛ ዓለም ጎን ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሌሎች ዓለማት አሉ፤ እዚህ የሞተ ሰው እዚያ በሕይወት ይኖራል ይላል። ሲያልቅ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና "ኢንጂነር፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይሄ ነገር እውነት ነው?" አሉኝ።

"ገና ያልተረጋገጠ ነገር ነው ጋሼ" ብዬ አለፍኩት። ውሸት አልተናገርኩም፤ ነገር ግን ጥያቄውን አልመለስኩትም። የሸሸሁት ሰውየው ስላዘኑ ብቻ ሳይሆን እኔም ጉዳዩን አጥርቼ ስለማላውቀው ነበር። ሙያዬ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ነው እንጂ የፊዚክስ ሊቅ አይደለሁም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በጉዳዩ ላይ የተጻፉትን ሳገላብጥ ከርሜ፣ ለእኒያ አባት ልመልስላቸው ይገባኝ የነበረውን በዚህ ጽሑፍ ለማስፈር ሞክሬያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ መናገር የምፈልገው "ሌሎች ዩኒቨርሶች" የሚባለው አንድ ሐሳብ አለመሆኑን ነው። ቢያንስ አራት የተለያዩ ሐሳቦች በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። የተነሡበት ምክንያት ለየቅል ነው፤ ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ያ ቪዲዮ ከሠራቸው ጥፋቶች ትልቁ አራቱንም በአንድ ድስት መቀቀሉ ይመስለኛል።

ቃሉም ራሱ ያስቸግራል። ዩኒቨርስ የሚለውን አንዳንዶች አጽናፈ ዓለም፣ ሌሎች ፍጥረተ ዓለም ብለው ይተረጉሙታል። ትርጉሙ "ያለው ነገር ሁሉ" ከሆነ ሌላ ዩኒቨርስ ብሎ ነገር ሊኖር አይችልም፤ ካለ የዚያው የ"ሁሉ" አካል ነውና። ሳይንቲስቶቹ ግን ቃሉን በጠበበ ትርጉም ነው የሚይዙት፤ ይኸውም ልናየው የምንችለው፣ ወይም እኛ የምናውቀው የተፈጥሮ ሕግ የሚሠራበት ክልል ማለታቸው ነው።

ይህ ክልል ደግሞ ከዚህ በፊትም ሰፍቷል። ከመቶ ዓመት በፊት ዩኒቨርስ ማለት ለብዙዎቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ፍኖተ ሐሊብ የምንለው የእኛው ጋላክሲ ብቻ ነበር። በሰማይ ላይ እንደ ጭጋግ ብዥ ብለው የሚታዩ ነገሮች ነበሩ፤ ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት በ1755 እነዚህ እንደ እኛው ያሉ፣ በጣም ርቀው የሚገኙ የከዋክብት ስብስቦች ይሆናሉ ብሎ ገምቶ ነበር። በኋላ "ደሴት ዩኒቨርሶች" የሚል ስም ወጣላቸው። ናቸው፣ አይደሉም የሚለው ሙግት እስከ 1920ዎቹ ዘለቀ። በመጨረሻ ሙግቱን የቆረጠው መለኪያ ነው። በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ትሠራ የነበረችው ሄንሪዬታ ሌቪት፣ ብርሃናቸው በየጊዜው ከፍና ዝቅ የሚል አንዳንድ ኮከቦች፣ የከፍታና የዝቅታው ጊዜ በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ብርሃናቸው እንደሚበልጥ አገኘች። እውነተኛ ብርሃኑ የታወቀ መብራት ደግሞ ከሩቅ ምን ያህል ደብዝዞ እንደሚታይ በመለካት ርቀቱን ማስላት ይቻላል። ኤድዊን ሐብል በ1923 በካሊፎርኒያው የማውንት ዊልሰን መመልከቻ ሆኖ እንዲህ ያለ ኮከብ አንድሮሜዳ በተባለችው ጭጋግ ውስጥ አገኘ። ርቀቷን ያሰላው ወደ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ነበር፤ ዛሬ 2.5 ሚሊዮን ያህል መሆኑ ይታወቃል። ቁጥሩ ቢሳሳትም ፍርዱ አልተሳሳተም፤ አንድሮሜዳ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ ናት። "ሌላ ዩኒቨርስ" የተባለው ነገር በእርግጥ ተገኘ፤ ስሙ ግን ተቀይሮ ጋላክሲ ተባለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአባቶቻችን ትምህርት ሰባቱ ሰማያት አሉ፤ በቁርአንም ሰባት ሰማያት ተጠቅሰዋል። አንዳንድ ሰዎች "ይኸው ሳይንስ ዛሬ ደረሰበት" ሲሉ እሰማለሁ። ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው "ከፈጣሪ ለመሸሽ የፈጠሩት ተረት ነው" ይላሉ። ሁለቱም አያስኬድም። ከዚህ በታች እንደምታዩት ሐሳቦቹ የመጡት አንዱ ከሙቀት ልኬት፣ አንዱ ከኤሌክትሮን ጠባይ ነው። ሃይማኖቱን ለማገዝም ሆነ ለመቃወም አልተነሡም።

ወደ መጀመሪያው ሐሳብ ልግባ፤ ቀላሉ እሱ ነው። ዩኒቨርስ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ዕድሜ አለው። ብርሃን ወደ እኛ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከዚያ ዕድሜ በላይ የሚጓዝ ብርሃን ገና አልደረሰንም። ብርሃኑ በመንገድ ላይ ሳለ ጠፈሩ ራሱ እየተለጠጠ ስለቆየ፣ ዛሬ የምናየው የመጨረሻው ዳርቻ በየአቅጣጫው ወደ 46 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ ይገኛል። ከዚያ ወዲያ ምን አለ? ባሕር ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን ጣናን የሚመለከት ሰው ጎርጎራ አይታየውም። ዐይኑ የደረሰበት ላይ ውሃው ያልቃል የሚል ግን የለም። ከአድማሳችን ወዲያም ሌላ ጠፈር፣ ሌሎች ጋላክሲዎች መኖራቸውን የሚጠራጠር ሳይንቲስት አላጋጠመኝም። ይህን ክልል "ሌላ ዩኒቨርስ" ብሎ መጥራት የአጠራር ጉዳይ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚከብደው ጠፈሩ መጨረሻ የለውም ሲባል ነው። አንድ የካርታ መጫወቻ 52 ካርታ አለው። እነዚህ ካርታዎች ሊደረደሩ የሚችሉበት መንገድ 8 ተጽፎ ከኋላው 67 ዜሮዎች የተቀጠሉለት ያህል ነው። እጅግ ብዙ ነው፤ ግን ያልቃል። ማለቂያ በሌለው ጊዜ የሚበውዝ ሰው ቢኖር ያው ድርድር ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም። በአንድ በተወሰነ ክልል ውስጥ ያሉ አቶሞች የሚደረደሩበትም መንገድ እንዲሁ እጅግ ብዙ ሆኖ ግን የሚያልቅ ነው። ስለዚህ ጠፈሩ ማለቂያ ከሌለው፣ በውስጡም ቁስ አካል በየቦታው በዕጣ የተበተነ ከሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ እኔን የመሰለ፣ ይህንኑ ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው መኖሩ የግድ ይሆናል። ማክስ ቴግማርክ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ2003 ርቀቱን ገምቶታል። በሜትር ሲጻፍ 1 እና ከኋላው ዜሮዎች ነው፤ የዜሮዎቹ ብዛት ራሱ 1 ተጽፎ 28 ዜሮ የሚከተለው ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር በወረቀት ላይ ልጻፍ ቢሉ በዓለም ያለ ወረቀት ሁሉ አይበቃም።

ታዲያ ጠፈሩ ማለቂያ የለውም ወይ? የምናውቀው በምናየው ክልል ውስጥ ጉብጠት እንዳልተገኘበት ነው፤ ልኬቱም ከመቶ ከአንድ እጅ ባነሰ ስሕተት ውስጥ ነው። ጉብጠት ስላልታየ ማለቂያ የለውም ማለት ግን አይደለም። የአንድ ኪሎ ሜትር መንገድ ቀጥ ያለ መሆኑን ለክቶ "ይህ መንገድ እስከ ዘላለም ቀጥ ብሎ ይሄዳል" ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ቢኖር ፈቃዱን ይነጠቃል። እና ደግሞ ቢኖርስ? እዚያ ያለው ልጅ ሌላ ልጅ ነው። ፊቱና ስሙ ቢመሳሰል እንኳ የሌላ አባት ልጅ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ ብዙ የተደከመበት ስለሆነ ቆም ልበልበት። በ1964 ሁለት የቤል ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ ፔንዚያስና ዊልሰን፣ በኒው ጀርሲ አንድ ትልቅ አንቴና ሲሞክሩ የማይጠፋ ጉርምርምታ አገኙ። ወደየትም አቅጣጫ ቢያዞሩት ያው ነው። አንቴናው ውስጥ የሰፈሩ ርግቦችን አባረው፣ ኩሳቸውን ጠራርገው አጸዱ፤ አልጠፋም። በኋላ እንደታወቀው ድምፁ ዩኒቨርስ ገና ሕፃንና የሚነድ በነበረበት ዘመን የተነሣ የብርሃን ቅሪት ነው፤ ዛሬ ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ በላይ 2.7 ዲግሪ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። በ1978 የኖቤል ሽልማት አሸለማቸው።

እንቆቅልሹ ይህ ሙቀት ከየአቅጣጫው ሲለካ ልዩነቱ ከመቶ ሺህ አንድ እጅ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ብርጭቆ ሻይ፣ አንዱ አዲስ አበባ አንዱ ዋሽንግተን፣ በአንድ ዲግሪ እንኳ ሳይለያዩ ቢገኙ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ነው የተቀዱት እንላለን። የሰማይ ሁለት ተቃራኒ ዳርቻዎች ግን፣ በድሮው ስሌት መሠረት፣ ከቶ ተገናኝተው አያውቁም። በ1979 መጨረሻ አለን ጉዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ አንድ መልስ አገኘ፤ በ1981ም አሳተመው። ዩኒቨርስ በተወለደበት ቅጽበት፣ በሰከንድ ጥቃቅን ክፋይ ውስጥ፣ እጥፍ በእጥፍ እየሆነ በማይታሰብ ፍጥነት ተነፋ። ዛሬ ተራርቀው የሚታዩት ዳርቻዎች ከመነፋቱ በፊት አንድ ላይ ነበሩ። ይህን ኢንፍሌሽን አሉት፤ ለገበያው የዋጋ ንረት የሚሉትን ያንኑ ቃል ነው የተዋሱት። ሐሳቡ በዚያው ሙቀት ላይ ምን ዓይነት ጥቃቅን ልዩነቶች መታየት እንዳለባቸው ተንብዮ ነበር፤ ኮቤ የተባለችው ሳተላይት በ1992፣ ከዚያም ደብልዩማፕና ፕላንክ የለኩት ከትንበያው ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ኢንፍሌሽን ባዶ ወሬ አይደለም።

አሌክሳንደር ቪሌንኪንና አንድሬ ሊንዴ በ1980ዎቹ ያስተዋሉት ነገር ግን ሌላ በር ከፈተ። እንጀራ ስትጋግሩ አስቡት። ሊጡ ምጣዱ ላይ እንደተዘረጋ ዐይን ማውጣት ይጀምራል፤ እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ወዲያው ሁሉም ይሸፈናል። አሁን ደግሞ ምጣዱና ሊጡ፣ ዐይኖቹ ከሚከፈቱበት ፍጥነት በላይ እየሰፉ ይሂዱ። ዐይን ይወጣል፤ በዐይኖቹ መካከል ያለው ሊጥ ግን የባሰ ይሰፋል፤ በዚያ ላይ ሌሎች ዐይኖች ይወጣሉ፤ እንጀራው መቼም በስሎ አያልቅም። መነፋቱ አንድ ቦታ ላይ ሲያቆም ያ ቦታ እንደ እኛው ያለ ዩኒቨርስ ይሆናል፤ በሌላው ቦታ ግን መነፋቱ ይቀጥላል። እኛ ያለነው በአንዱ ዐይን ውስጥ ነው ማለት ነው። ኢንፍሌሽን በብዙዎቹ ስሌቶች እንዲህ ሆኖ ይወጣል፤ ሰዎቹ ዩኒቨርስ ለማብዛት ብለው የጨመሩት ነገር አይደለም።

ይህን መፈተን ይቻል ይሆን? በከፊል ይቻላል። ሁለት ዐይኖች ጎን ለጎን ሲወጡ ይነካካሉ። የእኛው ዩኒቨርስ ገና ሕፃን ሳለ ከሌላ ጋር ተነካክቶ ከነበረ፣ በዚያ በጥንቱ ብርሃን ላይ ክብ ጠባሳ ትቶ ሊሆን ይችላል። በ2011 በለንደን የሚገኙ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር የደብልዩማፕን የሰባት ዓመት መረጃ በዚህ ዓይን መረመሩት። ጠባሳው አለ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። በሰማይ ላይ ከአካባቢው ቀዝቀዝ ብሎ የሚታይ አንድ ቦታ አለ፤ ጋዜጦች "የሌላ ዩኒቨርስ አሻራ" እያሉ ብዙ ጽፈውበታል፤ እስካሁን ግን በአጋጣሚ የመጣ ነው ከማለት የሚያልፍ ማረጋገጫ አልቀረበም። በማርች 2014 ደግሞ ባይሴፕ 2 በተባለ፣ በደቡብ ዋልታ በተተከለ መሣሪያ የኢንፍሌሽን ሞገድ ተገኘ ተብሎ ዓለም ተደነቀ። በ2015 መጀመሪያ ከፕላንክ ሳተላይት ጋር አብረው ሲመረምሩት፣ ያዩት ምልክት በአብዛኛው የእኛው ጋላክሲ አቧራ መሆኑ ታወቀ። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከስሕተቱ አጣሪዎች ጋር ቁጭ ብለው በጋራ ማሳተማቸው ያስከብራቸዋል እላለሁ።

ከኢንፍሌሽን ፈልሳፊዎች አንዱ የሆነው ፖል ስታይንሃርት ዛሬ ዋነኛ ተቃዋሚው ነው። ሁሉ ነገር በአንዱ ወይም በሌላው ዐይን ውስጥ የሚሆን ከሆነ ሐሳቡ ምንም አልተነበየም ይላል። በ2017 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ ሲጽፍ 33 የፊዚክስ ሊቃውንት ተፈራርመው መልስ ሰጡ፤ ጉዝና ሊንዴም፣ ሆኪንግም ከፈራሚዎቹ ውስጥ ነበሩ። እኔ ለፈራሚዎቹ ከማደላበት ለስታይንሃርት የማደላበት ቀን ይበዛል፤ ግን ከኔ የበለጡ ሰዎች ናቸው የሚከራከሩት።

ሦስተኛው ሐሳብ በሁለተኛው ላይ የተገነባ ነው። በ1998 ሁለት ቡድኖች የዩኒቨርስ መስፋት እየቀነሰ ሳይሆን እየፈጠነ መሆኑን አገኙ። ለዚህ ምክንያት የሆነው የባዶ ጠፈር ጉልበት በቀላሉ ሲሰላ፣ ከሚለካው ይልቅ 1 ተጽፎ 120 ዜሮ በሚከተለው ቁጥር እጥፍ ይበልጣል። በፊዚክስ ታሪክ እንደዚህ ያፈጠጠ ልዩነት የለም ይባላል። ስቲቨን ዋይንበርግ ገና በ1987 አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ይህ ጉልበት በየዩኒቨርሱ የተለያየ ከሆነ፣ ከመጠን ያለፈበት ቦታ ጋላክሲ አይሠራም፤ ጋላክሲ በሌለበት ጠያቂ የለም፤ ስለዚህ እኛ ራሳችንን ልናገኝ የምንችለው ጉልበቱ ትንሽ በሆነበት ብቻ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ የተለካው ዋጋ ዋይንበርግ ካስቀመጠው ጣሪያ በታች፣ ግን ዜሮ ያልሆነ ሆነ። ይህ ብዙ ሰው አሳምኗል። የስትሪንግ ንድፈ ሐሳብ ሊቃውንትም ስሌታቸው 1 ተጽፎ 500 ዜሮ የሚከተለውን ያህል የተለያዩ የተፈጥሮ ሕጎችን እንደሚፈቅድ ሲናገሩ፣ ለዋይንበርግ ሐሳብ ሰፊ ቦታ ተገኘለት። እኔ እዚህ ላይ ኬፕለር ይታወሰኛል። በ1596 የፕላኔቶችን ርቀት በጂኦሜትሪ ቅርጾች ሊያስረዳ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ እንደምናውቀው ጥያቄው ጥልቅ መልስ አልነበረውም፤ ብዙ ፀሐዮች፣ ብዙ ፕላኔቶች አሉ፤ ርቀቱ እንዳጋጠመ ነው። ምናልባት የባዶው ጉልበትም እንዲሁ ያጋጠመ ይሆናል። ልዩነቱ ግን ሌሎቹን ፀሐዮች እናያቸዋለን፤ ሌሎቹን ዩኒቨርሶች አናያቸውም።

የቪዲዮው ሰውዬ ያንጠለጠለው ግን አራተኛውን ነው። ይህኛው ከጠፈር ርቀት ጋር አይያያዝም። ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ሁለት ጠባብ ቀዳዳ ባለው ግድግዳ ላይ ብትለቋቸው፣ ማዶ ባለው መቀበያ ላይ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ ብቻ ያሳርፋል። ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ግን የሚታየው ንድፍ፣ ሁለት የውሃ ሞገዶች ሲገናኙ የሚሠሩት ዓይነት ነው፤ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በሁለቱም ቀዳዳ ያለፈ ይመስላል። ሽሮዲንገር በ1926 ያወጣው ቀመር ይህን በትክክል ያሰላል። በቀመሩ ውስጥ ሁለቱም መንገዶች አሉ፤ ስንለካ ግን የምናገኘው አንዱን ብቻ ነው። ሌላው የት ሄደ? የተለመደው መልስ "ስትለካው ይጠፋል" የሚል ነበር፤ እንዴት እንደሚጠፋ ግን ቀመሩ አይናገርም።

ሂው ኤቨረት በ1957 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ ያቀረበው መልስ ደፋር ነበር። ምንም አይጠፋም አለ። ለካዩም እንደ ኤሌክትሮኑ ከአቶም የተሠራ ስለሆነ ቀመሩ እሱንም ይመለከተዋል፤ አንዱ ለካዪ ይህን አየ፣ ሌላው ለካዪ ያንን አየ፤ ሁለቱም አሉ፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም። አማካሪው ጆን ዊለር ከኒልስ ቦር ጋር እንዲወያይ ፈልጎ ነበር፤ በ1959 ኮፐንሃገን ሄዶ ተገናኙ፣ ግን አልተግባቡም። ኤቨረት ከዩኒቨርሲቲ ዓለም ወጥቶ ፔንታጎን ውስጥ ለጦር ኃይሉ ስሌት ሲሠራ ቆይቶ በ1982 በ51 ዓመቱ ሞተ። ሐሳቡን ለሰፊው የፊዚክስ ማኅበረሰብ ያስተዋወቀው ብራይስ ዲዊት ሲሆን፣ እሱም በ1970 ነው።

እኔ በየቀኑ ከምሠራባቸው ትራንዚስተሮች ውስጥ ኤሌክትሮን ማለፍ በማይገባው ግድግዳ ሾልኮ ሲወጣ የሚባክነውን ኃይል እናሰላለን። የምናሰላው በዚያው በሽሮዲንገር ቀመር ነው። በቢሯችን ኤቨረትን የሚያምን አለ፣ የማያምን አለ፣ የማይገደው ይበልጣል፤ የሁላችንም ቁጥር አንድ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዲሴምበር 2024 ጉግል ዊሎው የተባለ፣ 105 ኪዩቢት ያለው የኳንተም ቺፕ አስተዋወቀ፤ አንድን የተመረጠ ስሌት ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሠራ፣ በተለመደው ሱፐር ኮምፒውተር ግን ከዩኒቨርስ ዕድሜ እጅግ በጣም የሚበልጥ ጊዜ ይወስድ ነበር ተባለ። የክፍሉ ኃላፊ ሐርትሙት ኔቨን ይህ ውጤት ስሌቱ በብዙ ትይዩ ዩኒቨርሶች ውስጥ ይከናወናል ለሚለው የዴቪድ ዶይች ሐሳብ ድጋፍ እንደሚሰጥ ጻፈ። "ሳይንቲስቶች አረጋገጡ" የሚሉት ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ከዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር የተቀዱ ይመስለኛል። ቺፑ ያሳየው የኳንተም ሒሳቡ በትክክል እንደሚሠራ ነው። ይህንን ኤቨረትም፣ ተቃዋሚዎቹም አስቀድመው ተቀብለውታል። አንዱን ከሌላው አይለይም።

አንድ ፈተና ግን አለ። አንዳንድ ተቀናቃኝ ሐሳቦች፣ ነገሩ መጠኑ ሲተልቅ ቀመሩ በራሱ መሥራት ያቆማል ይላሉ። በ2019 የቪየና ተመራማሪዎች እስከ 2000 አቶም ያለው ሞለኪውል እንደ ሞገድ ሲሠራ አሳይተዋል፤ ቀመሩ እስከዚያ ድረስ አልተሰበረም። አንድ ቀን ቢሰበር የኤቨረት ሐሳብ አብሮ ይወድቃል። ሊወድቅ የሚችል ሐሳብ መሆኑ ለኔ ክብር ይጨምርለታል።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ። የኤቨረት ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እውነት ነው ብንል ምን ይከተላል? በመጀመሪያ "የታሰበ ነገር ሁሉ የሆነ ቦታ ይሆናል" አይልም፤ ቀመሩ የሚፈቅደው ብቻ ነው የሚሆነው፣ ለእያንዳንዱም ክብደት አለው። ሁለተኛ፣ ቅርንጫፎቹ አንዴ ከተለያዩ በኋላ የአየሩና የብርሃኑ ቅንጣቶች ልዩነቱን ስለሚበትኑት ተመልሰው አይገናኙም። ደብዳቤ የለም፣ ድምፅ የለም፣ መንገድ የለም። ሦስተኛው ቪዲዮው ያልተናገረው ነው፤ ልጁ የዳነበት ቅርንጫፍ ካለ፣ ከዚህ የከፋ የሆነበትም ቅርንጫፍ አለ። አንዱን ለመጽናኛ ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። እንደኛ ያለ ስደተኛ ብዙ ጊዜ "ባልወጣስ ኖሮ?" እያለ ያስባል፤ እኔም አስባለሁ። ያልወጣው እኔ ቢኖር እንኳ የእናቴን እጅ የሚስመው እሱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።

በ2020 አንዳንድ ጋዜጦች ናሳ በአንታርክቲካ ጊዜ ወደ ኋላ የሚሄድበትን ትይዩ ዩኒቨርስ አገኘ ብለው ጻፉ። እውነቱ፣ አኒታ የተባለ በባሉን የሚንሳፈፍ መሣሪያ ከበረዶው በኩል ወደ ላይ የሚመጡ ጥቂት ያልተለመዱ ምልክቶች መያዙ ነው። ናሳ ትይዩ ዩኒቨርስ አገኘሁ አላለም። ይህን የምጽፈው ዜናው እስካሁን በአማርኛ ስለሚዘዋወር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሳይንስ ነው ወይ? ጆርጅ ኤሊስና ጆ ሲልክ በ2014 ኔቸር በተባለው መጽሔት፣ ሊፈተን የማይችል ሐሳብ ውበት ስላለው ብቻ ሳይንስ ይባል መባሉን አጥብቀው ተቃውመዋል። እኔ ከእነሱ ጋር ነኝ፤ ግን "መቼም አይታወቅም" ለሚለው ቃል እጠነቀቃለሁ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮንት በ1835 ከዋክብት ከምን እንደተሠሩ የሰው ልጅ መቼም አያውቅም ብሎ ነበር። በ1859 ኪርሆፍና ቡንዘን ብርሃንን በትነው የፀሐይን ንጥረ ነገሮች ለዩ። ኮንት ሞቶ ሁለት ዓመቱ ነበር። ለጥንቃቄ ያህል እንዲህ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ከአድማስ ወዲያ ጠፈር መኖሩን ገንዘቤን አስይዤ እወራረዳለሁ፤ በእንጀራው ዐይኖች ላይ ትንሽ ገንዘብ፤ በኤቨረት ላይ ምሳ፤ በ500 ዜሮዎቹ ላይ ምንም።

በዚህ ዓመት መስከረም ላይ ወደ አባትየው ደውዬ፣ ባለፈው ጊዜ ጥያቄዎን አልመለስኩም ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ፊዚክስ ልጅዎ የሆነ ቦታ በሕይወት አለ አይልም፤ ቪዲዮውን የሠራው ሰው የሚያውቅ መስሎ ነው የተናገረው አልኩ። ትንሽ ዝም ብለው "ደህና፤ ቁርጡን መናገርህ ይሻላል" አሉ። ከዚያ ስለ አንድሮሜዳ ነገርኳቸው። ቅዳሜ ማታ ከከተማው መብራት ርቀን በመኪና ወጣን፤ የሩቅ ማያ መነጽር ይዤ ነበር። ፈልጌ ካሳየኋቸው በኋላ ለረጅም ጊዜ ሲያዩ ቆዩ።

"ይቺ ናት? ይቺ ጭስ የመሰለችው?"

"አዎ ጋሼ። ይህ ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል።"

"ድንቅነሽ ያኔ ነበረች?"

"እሷ ትቀድማለች። 3.2 ሚሊዮን ናት።"

"እንግዲያው ከኛዋ ሴትዮ ታንሳለች" አሉና መነጽሩን መልሰው ሰጡኝ። በርዷቸው ነበር፤ ወደ መኪናው ገባን።